በሽቦ የተያዘ ርክርክ

ይርሳው ለሠርጉ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚፈልጋቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ምን ዋጋ አለው፣ ሁለቱ ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

አንደኛው የገዛ አባቱ ናቸው፤ የቢቸናው የድጓ መምህር መሪጌታ አካለ ወልድ። ሁለተኛው በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሡት የሞጣው መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸው። የኔታ ወልደ ኪዳን ልጅ አልወለዱም። ይርሳውን በሰባት ዓመቱ ተቀብለው እቤታቸው አስቀምጠው ፊደልም ዜማም አስቆጥረውታል። ልጁ ኋላ ድጓውን ትቶ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲኮበልል አባቱ "ልጄ አይደለህም" ብለው ሲፎክሩ፣ በስተጓሮ ስንቅ የላኩለት እሳቸው ናቸው። አሁን ይርሳው ሞጣ ክሊኒክ ድሬሰር ሆኗል። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ከሥራ ሲወጣ የኔታን ሳይጠይቅ እቤቱ አይገባም።

እናቱ ስትሞት አንድ አደራ ጥላበታለች። በሠርግህ ቀን ሁለቱን ባንድ መደብ አስቀምጥልኝ ብላዋለች። በለቅሶዋ ላይ እንኳ አንዱ ከድንኳኑ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ተቀምጠው፣ እንባቸውን ለየብቻ አፍስሰው ተለያይተዋል። ይርሳው ያን ቀን ከሁለቱ የቱ ጋ ሄዶ እንደሚያለቅስ ግራ ገብቶት ከድንኳኑ መካከል ቆሞ ነበር። ያቺ አደራ አንጀቱ ውስጥ ቀርታለች።

ጠቡ ምን መሰላችሁ? የመሬት አይደለም፣ የሴትም አይደለም። ባንዲት የድጓ ምልክት ነው! ሁለቱ ባንድ አኮፋዳ ለምነው የበሉ፣ ባንድ ደበሎ የተኙ፣ ካንድ መምህር እግር ሥር የተማሩ ባልንጀሮች ናቸው። አንድ ዓመት ለግንቦት ልደታ ደብረ ወርቅ ተገናኝተው፣ ጎን ለጎን ቆመው የትንሣኤውን ዜማ ሲያዜሙ፣ ካንዲት ቃል ላይ ሲደርሱ የመሪጌታ አካለ ወልድ ድምፅ እየነጠረ ተርገበገበ፤ የየኔታ ወልደ ኪዳን ድምፅ ቀጥ ብሎ ቆመ። የመጀመሪያውን ዓይነት አዜማዜም የሚያዘው ምልክት ርክርክ ይባላል፣ ሁለተኛውን የሚያዘው ይዘት። በዚያ ሁሉ ካህን ፊት ሁለቱ ድምፆች እንደ ሁለት ወይፈን ተጋጩ። መቋሚያው ቆመ፣ ጸናጽሉ ዝም አለ።

አንዱ መምህራችን የሰጡን ርክርክ ነው አሉ፤ ሌላው የለም ይዘት ነው አሉ። መምህሩ እንዳይጠየቁ ሞተዋል። መጽሐፉ ይታይ ተባለና ተገለጠ። በዚያችው ቃል ራስ ላይ የጧፍ ጠብታ ወድቆ ምልክቱን ድራሹን አጥፍቶታል። ሰይጣን መቼም ቦታ መምረጥ ያውቅበታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቢቸናና ሞጣ ሌላና ሌላ አገር ሆኑ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተላከ፤ ሦስቱንም ጊዜ አንዱ "ርክርክ ነው ብሎ ይመን"፣ ሌላው "ይዘት ነው ብሎ ይመን" እያሉ ሽማግሌውን በመጣበት መንገድ ሰደዱት።

እንግዲህ አንድ የድምፅ መቅጃ መሣሪያ የመጣው እዚህ ጋ ነው። ሞጣ ክሊኒክ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም በሃምሳ አምስት ዓ.ም. አገሩ ሲገባ፣ የሚያደርሰው ቢያጣ ወይም መሸከሙ ቢሰለቸው፣ አንድ የእንጨት ሣጥን ለይርሳው ጥሎለት ሄደ። ክዳኑ ሲነሣ ሁለት መንኰራኵር አለ፤ ባንደኛው ላይ ከፈረስ ጭራ የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሟል። ድምፅ የሚቀዳው በዚያ ሽቦ ላይ ነው። ሲበጠስ እንደ ሸማኔ ቋጥረው ይቀጥሉታል፤ ሲተበተብ ግን እግዜር ይሁንህ ነው። ሐኪሙ እንዳለው በፈረንጅ አገር የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ጊዜው አልፎበታል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቴፕ ዞሯል፤ ሽቦ የሚሸጥ ሱቅም የለም። ስለዚህ ሽቦው ያው አንድ ብቻ ነው። አንድ ነገርም ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አስጠንቅቆታል፤ አዲስ ድምፅ ስትቀዳበት የቀድሞውን ይበላዋል፣ ተጠንቀቅ ብሎታል። ይርሳው ሦስቱንም ጊዜ እሺ ብሏል።

ሐሳቡን ያመጣችው ግን ስሜነሽ ናት። ስሜነሽ የሚያገባት ልጅ ናት፤ የቢቸናዋ ባለወፍጮ የወይዘሮ የሺእመቤት ልጅ። ምላሷ እንደ እናቷ ወፍጮ የወደቀበትን ሁሉ ይፈጫል። እነዚህ ሰዎች በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰምቶ ያውቃል? አለችው። አያውቅም አላት። ታዲያ ሽማግሌ መላክህን ትተህ ድምፅ ላክ፤ ከተላከው ሽማግሌ ሁሉ ይህ ሣጥን ይሻላል፣ ቢያንስ እህል አይበላም አለችው። ይርሳው ሳቀ። ኋላ ግን ነገሩ ከልቡ ገባ።

በዳግማይ ትንሣኤ ፈቃድ ጠይቆ ሣጥኑን ይዞ ቢቸና ወረደ። ወይዘሮ የሺእመቤት ከወፍጮው ሞተር ላይ ዲናሞ አስገጥመው እቤታቸው ሁለት አምፖል ያበሩ ነበርና መብራቱ ከዚያ ተገኘ። የቀረው አባቱን ማሳመን ነበር። እምቢ ይላሉ ብሎ ፈርቷል፤ እሳቸው ግን ገና ነገሩን ሲሰሙ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተነሡ። ምክንያት ነበራቸው። በዜማ ቤት መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ይሰማል፤ እንግዲያው ቀድሞ ያዜመ መምህር፣ ቀድሞ የሰማ ተማሪ ነው። ወልደ ኪዳን የሳቸውን ድምፅ ቀድመው ከሰሙ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም?

"ይስማውና ይፈር" አሉ፤ ከዚያም የትንሣኤውን ዜማ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቆረቆሩት። ይርሳው የተቀዳውን ላሰማዎት ወይ ቢላቸው ሳቁበት። የራሴን ድምፅ ስልሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ለኔ ምን ያደርግልኛል ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ። ይርሳውም ሽቦው በመንገድ እንዳይላላ ወደ መጀመሪያው አጠንጥኖ መልሶ፣ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልሎ በማግሥቱ የጭነት መኪና ተሳፈረ። መኪናው በደብረ ወርቅ በጉንደ ወይን በኩል ሲንገጫገጭ ውሎ ሞጣ እስኪያደርሰው ድረስ ሣጥኑን ከጭኑ አላወረደም።

የኔታ ወልደ ኪዳን ዓርብ ዕለት ወደ ክሊኒኩ መጡ። በሽተኛው ከተሸኘ በኋላ ነው፤ የክሊኒኩ የመብራት ሞተር ከጓሮ ተነሥቷል፣ ሣጥኑ ከመድኀኒት ማስቀመጫው አጠገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። የኔታ አንዴ ዞረው አዩትና አልተቀመጡም። ማን ቀድሞ ያዜማል ብለው ጠየቁ። ይርሳው የአባቱ ድምፅ አስቀድሞ መቀዳቱን ነገራቸው።

የኔታ መቋሚያቸውን ከመሬት ላይ ተከሉ። እኔ እሱን ቀድሜ ልሰማ? ተማሪው ነኝ እንዴ? አሉ። ሰምቶ ነው ያስተካከለው እንዲል መንገድ ልክፈትለት? መጀመሪያ የኔን ቅዳ፣ ከዚያ በኋላ የሱን እሰማለሁ፤ ይህ ካልሆነ ደህና ዋል ብለው ወደ በሩ ዞሩ። እነዚህ ሰዎች ባንድ አኮፋዳ ለምነው መብላታቸው እንዲህ ጊዜ ነው የሚታወቅ፤ አንዱ ያሰበውን ሌላው ቢቸናና ሞጣ ሆኖ ያስበዋል። ይርሳው ደነገጠ። ከበሩ ሊያመልጡት ሲሉ እሺ የኔታ፣ እሺ ብሎ፣ ድምፅ መሳቢያውን ባፋቸው ፊት ደቅኖ ቁልፉን አዞረ።

የኔታ አዜሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያውን ባንገታቸው ላይ አጋድመው፣ ካሥራ አንድ ዓመት ቂም ጋር አዜሙት። ከመካከል ላይ ሳሉ ነው ይርሳው ዓይኑ ወደ መንኰራኵሩ የሄደ። ሽቦው ከመጀመሪያው ጀምሮ እየተፈታ ነው። ቢቸና ላይ ራሱ አጠንጥኖ መልሶታል፤ የአባቱን ድምፅ አሳልፎ ከኋላው መቅዳት ሲገባው፣ ከላዩ ላይ እየቀዳበት ነው። ማስቆም አይቻል፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ዝም ማለትም አይቻል፣ አባቱ በየቃሉ እየተበሉ ነው። ሁለቱ መሪጌቶች ያዜሙት አንድ ዜማ ነውና የኔታ ሲጨርሱ ከአባቱ ድምፅ የተረፈ ትንፋሽ እንኳ አልነበረም።

የኔታ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አደረጉ። አሁን እሱን አምጣው አሉ። ይርሳው ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለ። ትንሽ ላሰማቸውና ተበላሸ እላለሁ ብሎ አሰበ፤ የሰው ልጅ ሲጨንቀው የማያስበው የለም። ሽቦውን መልሶ አጠንጥኖ ቁልፉን ወደ ማሰሚያው አዞረ። የየኔታ ወልደ ኪዳን ድምፅ ከሣጥኑ ወጣ፤ የኔታ ወልደ ኪዳንም ቁጭ ብለው ሰሙት።

አላወቁትም።

አትፍረዱባቸው። ሰው የገዛ ድምፁን ከራስ ቅሉ ውስጥ ነው የሚሰማው፤ ከውጭ ሲመጣበት የባዳ ነው። እሳቸው ደግሞ በስልሳ አምስት ዓመታቸው እንኳን በሣጥን በገደል ማሚቶ ሰምተውት አያውቁም። የባልንጀራዬን ድምፅ እሰማለሁ ብለው ተቀመጡ፤ የባልንጀራቸውን ድምፅ ሰሙ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ ገና ከመነሻው እንከን ማውጣት ጀመሩ። እዚህ ጋ ቸኮለ፣ እዚህ ጋ ትንፋሹን ያለቦታው ሰበረ አሉ። የተጣሉባት ቃል ስትደርስ ተፈናጥረው ተነሡ። ይኸው፣ አልተመለሰም፣ አሁንም ርክርክ ነው የሚያደርገው ብለው መቋሚያቸውን ወደ ሣጥኑ ቀሰሩ።

ይርሳው ግራ ገባው። የኔታ ያዜሙት ይዘት ነው፤ ባይኑ አይቷል፣ በጆሮው ሰምቷል። ሽቦው ላይ ግን እውነትም ድምፁ ይርገበገባል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። የኔታ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት ያሉት ድምፅ አልተያዘም፤ ተንቀጥቅጧል። በየቀኑ ስለሚያያቸው እርጅናቸውን ሳያየው ኖሯል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለካ ለድምፅም ነው። ልቡ ስፍስፍ አለ።

የኔታ ድገመው አሉ። ደገመው። አሁን እንከን አላወጡም። ድምፁ መካከል ላይ ሳል ይዞት ቆም ሲል እሳቸውም ቆም አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ድገመው አሉት። በሦስተኛው ጥምጥማቸውን አውልቀው ከጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"አባትህ ስንት ዓመቱ ነው አሁን?"

"ስልሳ ሦስት ይሆናቸዋል የኔታ። ከእርስዎ በሁለት ዓመት ያንሳሉ።"

"ይህ ርክርክ አይደለም ልጄ። ርክርክ በቦታው ነው የሚደረግ፤ ይህ ግን እዚህም ይንቀጠቀጣል፣ እዚያም ይንቀጠቀጣል። እርጅና ነው። ትንፋሹ አልቋል። ድምፁን ሊይዘው ፈልጎ አቅቶታል እንጂ እምቢ ብሎ አይደለም።" በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "እኔ ሞኙ፣ ካንድ የደከመ ሽማግሌ ጋር ነው አሥራ አንድ ዓመት ስታገል የኖርኩት።"

ይርሳው አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊናገር ነበር፣ እምላለሁ። ነገር ግን የየኔታን ፊት አየው፤ ከእናቱ ለቅሶ ወዲህ እንዲህ ለስልሶ አይቶት አያውቅም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና አፉን መልሶ ዘጋው። የኔታ መቼ ነው ቢቸና የሚሄድ መኪና የሚገኝ ብለው ጠየቁት፤ ሠርጉ እስኪደርስ አልጠብቅም፣ እስከዚያ አንድ ነገር ቢሆንብኝስ አሉ።

ይርሳው ፈቃድ ጠይቆ ሰኞ ተሳፈሩ። የኔታ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ፣ ይርሳው ካጠገባቸው ሣጥኑን ታቅፎ። የኔታም የታቀፉት ነገር ነበራቸው፤ አንድ ቅል ሙሉ ነጭ ማር፣ ለአካለ ወልድ ደረት። ይርሳው በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ሊነግራቸው ሞክሯል። ጉንደ ወይን ላይ "የኔታ" ብሎ ቢጀምር፣ እሳቸው በተማሪነታቸው ዘመን አካለ ወልድ ከውሻ አድኗቸው እግሩን የተነከሰውን ማጫወት ያዙ። ደብረ ወርቅ ላይ እንደገና ሞከረ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየተሳለሙ ያለቅሱ ነበር። ሦስተኛው ቢቸና መግቢያ ላይ ነው፤ እሱ ግን ፈሪ ስለሆነ ዘግይቶ ጀመረና መኪናው ደረሰ።

መሪጌታ አካለ ወልድ ከዛፍ ሥር ከተማሪዎቻቸው ጋር ነበሩ። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፤ ከኋላው የመጣውን ሲያዩ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። የኔታ ወልደ ኪዳን ባንድ እጃቸው ቅሉን ይዘው፣ ሌላውን እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው እየሮጡ ነው የሄዱት፤ በዚያ ዕድሜ መሮጥ ከተባለ። አትነሣ፣ አካለ ወልድ፣ አትድከም እያሉ። መሪጌታ አካለ ወልድ የሚያደክማቸው ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ቢሆንም ተነሡ። ተቃቀፉ። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እያለቀሱ ቆዩ። ለካ ሁለቱም የሚጠብቁት ሌላው እስኪመጣ ነበር። ይርሳው ሣጥኑን እንደታቀፈ እናቱን አሰበና እሱም አለቀሰ።

ያ ሁሉ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይርሳው ዛሬም እንደዋሸ ይኖር ነበር። ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይህኛውስ አላደረም፣ ከራት በፊት ጠራ። የኔታ ማሩን አውጥተው ለባልንጀራቸው ሰጡ፤ ጧት ጧት ውሰደው፣ ለደረትህ ነው፣ ማዜሙንም ቀነስ አድርገው አሏቸው።

"ደረቴ ምን ሆነ?" አሉ መሪጌታ አካለ ወልድ።

የኔታ ባዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድምፅህን ሰምቻለሁ፤ አታፍርብኝ፣ ሁላችንም እዚያው ነን አሏቸው። መሪጌታ አካለ ወልድ ጉድ ነው ብለው ከመደባቸው ብድግ አሉና፣ በዚያው በቆሙበት የትንሣኤውን ዜማ ለቀቁት። ዛፉ ላይ የነበረች ርግብ ሁሉ ተነሥታ በረረች። ያቺ ቃል ላይ ሲደርሱ ርክርኩ ጥርት ብሎ፣ ቦታውን ሳይስት፣ እየነጠረ ሄደ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ሳይናወጥ እስከ መጨረሻው ወረደ።

እኔ የሰማሁት ይህን አይደለም አሉ የኔታ ወልደ ኪዳን። ከዚያ ሁለቱም ባንድነት ወደ ይርሳው ዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር፤ መሬት ግን በፈለጓት ጊዜ ተከፍታ አታውቅም። አንገቱን አቀርቅሮ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሽቦው አንድ መሆኑን፣ አጠንጥኖ መመለሱን፣ ከላዩ ላይ መቅዳቱን፣ ዝም ማለቱን። "ያ ድምፅ የእርስዎ ነበር፣ የኔታ" አለና የሚመጣበትን ጠበቀ።

የኔታ አልተቆጡም። አሰማኝ አሉ ብቻ።

ወደ ወይዘሮ የሺእመቤት ወፍጮ ቤት ሄዱ። ወይዘሮ የሺእመቤት መፍጫውን አቁመው ሞተሩ ለዲናሞው ብቻ እንዲዞር አደረጉ። እህል ይዘው ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶችም ስልቻቸው ላይ እንደተቀመጡ ጆሯቸውን ሰጡ፤ ስሜነሽ ከበሩ ላይ ቆማ ወደ ይርሳው አየችና፣ ሣጥኑ እህል ባይበላም አንተን ሊያስበላህ ነው አለችው። ቁልፉ ዞረ።

ድምፁ ወጣ። ይህን ጊዜ የኔታ የሚሰሙትን አውቀው ሰሙት። ቸኮለ ያሉበት ጋ ሲደርስ ቀና አሉ፤ ትንፋሹን ሰበረ ያሉበት ጋ ከንፈራቸውን ነከሱ። ሳሉ መጣ። መሪጌታ አካለ ወልድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ያ በተማሪነታቸው ዘመን ደብሩን ያናውጥ የነበረ ድምፅ ምን እንደሆነ እሳቸውም ገና አሁን መስማታቸው ነው። ያቺ ቃል ደረሰች፤ ድምፁም ተርገበገበ። ይርሳው የኔታ ያን ሁሉ መንገድ ለሌላ ሰው ያዘኑት ኀዘን ተመልሶ በላያቸው ላይ ሲወርድ አየና ሣጥኑን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። የኔታ እጁን ያዙት።

"ተወው" አሉ። "ያ ያዘንኩለት ሽማግሌ እኔ ነኛ?"

የይርሳውን እጅ ለቀቁና ወደ ሰዉ ዞሩ።

"እኔ ለአካለ ወልድ ይቅር ያልኩ መስሎኝ፣ ማርም ይዤ መጣሁ። ለካ ማሩ የኔ ነው።" ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይርሳው የሚያለቅሱ መሰለው፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር። "አንተ፣ ቅሉን መልስልኝ።"

መሪጌታ አካለ ወልድ ከግድግዳው ዞሩ፤ ጉንጫቸው ረጥቧል። ማሩንስ አልመልስም፣ የተሰጠኝ ነው አሉ። ደግሞ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ይዘት ነው ሲለኝ የኖረ ሰው ይኸው በሽቦ ላይ ርክርክ ሲያደርግ ተይዟል አሉ። የኔታ እርጅናን ርክርክ ብለህ ልትከራከርበት ነው እንዴ ብለው መለሱላቸው። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና አንዱ የሌላውን ጀርባ ይመታ ጀመር። ስልቻ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ምኑም ሳይገባቸው እልል አሉ። ወይዘሮ የሺእመቤት ካሁን በኋላ ወፍጮ የሚያስቆም ሰው ካለ ወዮለት ብለው መፍጫውን መልሰው አስነሡ። ማሩን ማታ ሁለቱ ከይርሳው ጋር ሦስት ሆነው ጨረሱት።

ሠርጉ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሆነ። ገና ከሃምሳው ቀን አልወጣንምና የትንሣኤው ዜማ ጊዜው ነው። ዳሱ የተጣለው ከወፍጮ ቤቱ ግቢ ስለሆነ ይርሳው ሣጥኑን ከዳሱ ማዕዘን አስቀመጠው። ሽቦው ላይ የቀረውን ያን የየኔታን ድምፅ እንዳያጠፋ ሰግቶ ጠይቋቸው ነበር፤ እሳቸው እስቲ ልጄ፣ ያንን ሽማግሌ አሳርፈው፣ ደክሞታል አሉት። ስለዚህ ቁልፉን ወደ መቅጃው አዞረው።

ሁለቱ መሪጌቶች ባንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ሙሽሮቹ ሊመረቁ ሲሉ ተነሡና ጎን ለጎን ቆሙ። ካሥራ አንድ ዓመት በፊት ደብረ ወርቅ የነበሩ ካህናት ከዳሱ ውስጥ ነበሩ፤ እርስ በርስ ተያዩ። ዜማው ተጀመረ። የመሪጌታ አካለ ወልድ ድምፅ ወፍራም ነው፣ የየኔታ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ፤ ግን አብረው ሄዱ፣ ሳይቀዳደሙ። ይርሳው የስሜነሽን እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ያቺ ቃል እየመጣች ነው።

መጣች። መሪጌታ አካለ ወልድ ስለ ባልንጀራቸው ብለው ድምፃቸውን ቀጥ አድርገው ያዙት፤ ይዘት። የኔታ ወልደ ኪዳንም ስለ ባልንጀራቸው ብለው፣ ያለችውን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስበው አንጠሩት፤ ርክርክ። ሁለቱ ድምፆች እንደገና ተጋጩ። መቋሚያው ቆመ፣ ጸናጽሉ ዝም አለ፤ በዳሱ ውስጥ ወጥ የሚያወጣ ሰው እንኳ ጭልፋውን ባየር ላይ ያዘ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

"ይዘት ነው አላልከኝም?" አሉ መሪጌታ አካለ ወልድ።

"አንተስ ርክርክ ነው አላልክም?" አሉ የኔታ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አይመችም፤ ዳሱ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ፣ ሁለቱ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ምርቃቱን እንኳ በቅጡ አልጨረሱትም። ስሜነሽ እኔንም እንዲህ ስታረጅ ነው የምታምነኝ ብላ ይርሳውን በክርኗ ጎሸመችው። ይርሳው ግን አልሰማትም፤ እናቱን እየሰማ ነበር።

ያን ሽቦ ይርሳው ለብዙ ዓመት አስቀምጦታል፤ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ሁለት ጊዜ ቋጥሮታል። የድጓ ተማሪዎች እየመጡ የዚያች ቃል ምልክት የቱ ነው ብለው ይጠይቁታል። ይከፍትላቸውና ይሰማሉ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ይዘትም ርክርክም አይለይም፤ የሁለት ሽማግሌዎች ሳቅ ወድቆበታል።